ፈረስ ሰርቃ የተጋዘችው የ20 ዶላሯ ሴትዮ፣ እና በግዞት አውስትራሊያ የተላከን ሰው በመዝገብ ስለመፈለግ

ሜልበርን፣ ሲድኒ፣ ፐርዝ ያላችሁ ልጆች ኪሳችሁ ውስጥ 20 ዶላር ካለ እስቲ አውጡና እዩት፣ መነጽር ያደረገች ቆብ የደፋች አንዲት ባልቴት አለች፣ ሜሪ ሪቢ ትባላለች። ከ1994 ጀምሮ ኖቱ ላይ ናት (ከዚህ በኋላም የምጠራው አመተ ምህረት ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ሴትዮዋ የለየላት ሀብታም ነበረች፣ መርከብ ነበራት፣ ሱቅና መጋዘን ነበራት፣ በ1817 የኒው ሳውዝ ዌልስ ባንክ ሲከፈት እንኳን ስራ የጀመረው የሷን ቤት ተከራይቶ ነው። ግን ሲድኒ የገባችው ልትነግድ ብላ አይደለም። እንግሊዝ አገር ገና አስራዎቹ ውስጥ ያለች ልጅ ሆና ፈረስ ሰርቃ 7 አመት ግዞት ተፈርዶባት ነው፣ የተያዘችው ደሞ የወንድ ልብስ ለብሳ ጄምስ ባሮ ነኝ እያለች ነው፣ ሴት መሆኗ የታወቀው በኋላ ነው።

አሁን በጣም የሚገርመኝን ልንገራችሁ። በ1828 ቅኝ ግዛቷ ውስጥ ያለው ነዋሪ አንድ በአንድ ተቆጠረ፣ ቅጹ ላይ እያንዳንዱ ሰው በምን ሁኔታ እንደመጣ፣ ማለትም ነጻ ሆኖ ይሁን በእስር፣ በየትኛው አመት፣ በየትኛው መርከብ የሚል ጥያቄ አለ። ሜሪ ምን አስሞላች? ነጻ ሆና መጣች፣ በ1821። አይ ውሸታም እንዳትሉ ብቻ፣ በ1820 ሴቶች ልጆቿን ይዛ እንግሊዝ ሄዳ ዘመዶቿን ጠይቃ በቀጣዩ አመት ተመልሳለች፣ ስትመለስ ማንም ያላዘዛት ነጻ ሰው ናት፣ የመርከቡንም የከፈለችው ራሷ ናት። የመጀመሪያውን ጉዞ ብቻ ነው ዝም ብላ የዘለለችው። በ1792 ሮያል አድሚራል በሚባል መርከብ እስረኛ ሆና የመጣችበትን ማለት ነው።

ይሄን ያነሳሁት ወሬውን ለማሳመር አይደለም፣ የግዞተኛን ህይወት ከመዝገብ ላይ ለቅሞ ማውጣት ምን እንደሚመስል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ስለሌለ ነው። ሁለቱም ወረቀት እውነተኛ ነው፣ ሁለቱም የመንግስት ነው፣ ግን አንዱን ብቻ ያገኘ ሰው ሴትዮዋን ሌላ ሰው አርጓት ያርፋል። ስለዚህ ዋናው ነገር ወረቀቱን ማግኘት ብቻ አይደለም፣ ያንን ወረቀት ማን ጻፈው፣ ለምን ፈለገው፣ መረጃውን የሰጠውስ ማነው የሚለውን እያንዳንዱ ላይ መጠየቅ ነው። ቀጥሎ የማወራው በሙሉ እዚህ ላይ ነው የሚሽከረከረው።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ፣ እንግሊዝ ወንጀለኞቿን ባህር ማዶ መላክ የጀመረችው ከአውስትራሊያ በፊት ነው፣ ከ1718ቱ ህግ በኋላ በብዛት ወደ አሜሪካ ትጭን ነበር፣ ወደ 50,000 ሰው ገደማ ሄዷል ይባላል። አሜሪካኖቹ በ1776 ነጻነታችንን አውጀናል ሲሉ መላኪያ ጠፋ፣ እስር ቤቱ ሞላ፣ እና አሮጌ መርከቦችን ቴምዝ ወንዝና ወደቦች ላይ አስረው እስረኛ አጨቁባቸው፣ ሀልክ ይሏቸዋል። ከዛ በግንቦት 1787 አስራ አንድ መርከብ ከፖርትስመዝ ተነስቶ በጥር 1788 አሁን ሲድኒ ያለችበት ደረሰ። ከዛ ጀምሮ የመጨረሻው መርከብ ሁጉሞንት ፍሪማንትል እስከደረሰበት እስከ ጥር 1868 ድረስ ወደ 162,000 ሰው ገደማ ተጋዘ፣ ከነዚህ ውስጥ ሴቶቹ ወደ 25,000 ናቸው። ሶስት ዋና መድረሻ ነበር፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ እስከ 1840 (ከዛ በኋላም ትንሽ ተሞክሯል፣ ህዝቡ አስቁሞታል)፣ ቫን ዲመንስ ላንድ የምትባለው የዛሬዋ ታዝማኒያ እስከ 1853፣ ዌስተርን አውስትራሊያ ከ1850 እስከ 1868። ይሄ ዝም ብሎ ታሪክ አይደለም ለፍለጋ ይጠቅማችኋል፣ ለምሳሌ ዌስተርን አውስትራሊያ የተላኩት ወንዶች ብቻ ስለሆኑ አንድ ሰው አያቴ ፐርዝ የመጣችው በግዞት ነው ካላችሁ መዝገቡን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር እንደተሳሳተ ታውቃላችሁ።

ፍለጋው ከየት ይጀመር የሚለው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል። ሰው ደስ የሚለው ወንጀሉ ስለሆነ ቀጥታ ወደ ፍርድ ቤቱ ይሮጣል፣ ጆን ስሚዝ ብሎ ይፈልጋል፣ ብዙ ጆን ስሚዝ ይመጣለታል፣ ከመሀላቸው ታሪኩ የሚጣፍጠውን መርጦ የኔ አያት ይሄ ነው ይላል። ከመጨረሻው መጀመር ነው የሚሻለው፣ ከሞቱ። የአውስትራሊያ የሞት ሰርተፍኬት ደህና ከተሞላ ሀብት ነው፣ የት እንደተወለደ፣ የወላጆቹ ስም፣ የት ማንን እንዳገባ፣ የልጆቹ ስምና እድሜ፣ እና ከሁሉም በላይ በቅኝ ግዛቷ ስንት አመት እንደኖረ የሚል ነገር አለበት። ሰውየው በ1870 ሞቶ 42 አመት ኖሯል ካለ 1828 አካባቢ መጥቷል ማለት ነው፣ ይሄኔ የሚፈለገው መርከብ ቁጥሩ ይቀንሳል። ግን እዛም ላይ ጥያቄዋን አትርሱ፣ መረጃውን የሰጠው ማነው? ሟቹ አይደለም መቼም። ልጅ ነው፣ አማች ነው፣ አንዳንዴ ጎረቤት ነው፣ አባቱ እስረኛ እንደነበር የማያውቅ ወይ እያወቀ የማይናገር ሰው። ቤተሰብ ለብዙ ትውልድ ይሄን ነገር እንደ ነውር ደብቆታል፣ አሁን አሁን ነው ነገሩ ተገልብጦ ሰው የኔ ቅድመ አያት በመጀመሪያው መርከብ ነው የመጣው እያለ የሚኮራው።

ሰርተፍኬት የሚባለው ነገር ራሱ ከተወሰነ ጊዜ በፊት የለም። ታዝማኒያ በ1838 ነው መንግስት መመዝገብ የጀመረው፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግን በመጋቢት 1856 ነው። ሜሪ ሪቢ የሞተችው በግንቦት 1855 ነው፣ ጥቂት ወራት ቀድማ ሞታ ያ ሁሉ ዝርዝር የሚሞላበት ወረቀት አመለጣት። እንደሷ ላለው የቤተክርስቲያን የቀብር መዝገብ፣ ኑዛዜና ጋዜጣ ነው ያለው።

ከሞቱ ወደ ኋላ ስትመጡ ቁልፉ መርከቡ ነው። እዛ አገር የግዞተኛ መታወቂያው መርከቡ ነበር ብትሉ አልተጋነነም፣ መዝገብ ላይ ሰው ሲጠራ እከሌ፣ በእከሌ መርከብ ተብሎ ነው፣ ከእስር ከወጣ ከሃያ አመት በኋላ እንኳን ፍርድ ቤት ቢቀርብ መርከቡ ስሙ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ጸሀፊዎቹ ራሳቸው በዊልያምና በጆን ብዛት ተቸግረው ነበር። አንድ መርከብ ደሞ ተመላልሶ ስለሚመጣ አመቱንም አብራችሁ ያዙ። ስም፣ መርከብ፣ የደረሰበት አመት፣ ሶስቱ አንድ ላይ ከሆኑላችሁ ከዛ በኋላ ያለው ስራ በጣም ይቀላል።

መርከቡን ካገኛችሁ በሁለቱም የባህር ጫፍ ወረቀት አለ። እንግሊዝ በኩል ለንደን ኪው ያለው ብሄራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ኤች ኦ 11 የሚባል መዝገብ አለ፣ በየመርከቡ የተጫኑት ሰዎች ስም፣ የተፈረደባቸው ቦታና ቀን፣ የፍርዱ ዘመን፣ ወይ 7 ወይ 14 ወይ እድሜ ልክ፣ አንዳንዴም ሌላ ቁጥር። ሰው ሲከፍተው የሚበሳጨው ወንጀሉን ስለማይጽፍ ነው። ለምን ይጻፍ? መዝገቡ የተዘጋጀው ስንት ሰው ለስንት አመት ተላከ ለሚለው ነው፣ ለጫኚውና ለተረካቢው፣ ምን ሰረቀ የሚለው እዛ ጋ ለማንም አይጠቅምም። ግን የፍርዱን ቦታና ቀን ሰጣችሁ አይደል፣ በቃ ያ ነው ወደ ፍርድ ቤት የሚወስዳችሁ።

አውስትራሊያ በኩል ያለው ኢንደንት ይባላል፣ መርከቡ ሲደርስ ባለስልጣኖቹ የሚረከቡበት ዝርዝር ነው። የመጀመሪያዎቹ አመታት ኢንደንቶች ደረቅ ናቸው፣ ስምና ፍርድ ብቻ። ከ1820ዎቹ አጋማሽ በኋላ ግን ነገሩ ይለያል፣ እድሜ፣ ማንበብ መጻፍ ይችላል ወይ፣ ሀይማኖት፣ ያገባ ነው ያላገባ፣ ልጅ፣ የትውልድ ቦታ፣ ሙያ፣ ወንጀሉ፣ ከዚህ በፊት ተፈርዶበት ያውቃል ወይ፣ ቁመት፣ የቆዳና የጸጉርና የአይን ቀለም፣ ጠባሳ፣ ንቅሳት። ንቅሳቱ ነው እኔን የሚይዘኝ፣ ጸሀፊው ቢጠፋ እንድንይዘው ብሎ ነው የጻፈው፣ ግራ ክንዱ ላይ መልህቅ፣ ቀኝ ክንዱ ላይ ልብ፣ ከስሩ ሁለት ሁለት ፊደል። እነዛ ፊደሎች ብዙ ጊዜ የሚስት ወይ የፍቅረኛ ወይ የልጅ ስም መጀመሪያዎች ናቸው፣ ቤተሰብ የሚፈልግ ሰው ሌላ የትም ያላገኘውን የሴት ስም ፍንጭ ለፖሊስ ተብሎ ከተጻፈ የቆዳ መግለጫ ላይ ያገኘዋል። እንደዚህ ነው እነዚህ ወረቀቶች የሚሰሩት፣ የሚነግሯችሁ ሊነግሯችሁ ብለው አይደለም።

እዚህ ጋ የሜሪን ደብዳቤ ላምጣው። ሲድኒ በደረሰች በማግስቱ በጥቅምት 1792 ገና መርከቡ ላይ ሆና ለአክስቷ የጻፈችው ደብዳቤ እስከዛሬ አለ። ቦታው ደስ ይላል ትላለች፣ በሳምንት አራት ሱሪ መስፋት ነው የሚጠበቅብን፣ አንድ ፓውንድ ሩዝና አራት ፓውንድ የአሳማ ስጋ ይሰጠናል ትላለች፣ ከዛ በመሀል እድሜ ልክ ነሽ እያሉኝ ነው፣ ገዢው ግን 7 አመት ብቻ ነው ብሎኛል፣ ሳስበው በጣም ያሳዝነኛል ትላለች፣ አጋጣሚ እየጠበቅኩ ከሁለት ሶስት አመት በኋላ ለመውጣት እሞክራለሁም ብላለች። እስቲ አስቡት፣ ልጅቷ የራሷን ፍርድ ርዝመት በርግጠኝነት አታውቅም! ይሄ ደሞ የሷ ብቻ ችግር አልነበረም፣ የመጀመሪያዎቹ መርከቦች ሲመጡ የእስረኞቹ የፍርድ ዘመን የተጻፈበት ወረቀት እንግሊዝ ቀርቶ ነበር፣ ገዢው አርተር ፊሊፕ ሰዎች ጊዜዬን ጨርሻለሁ ልቀቁኝ ብለው ሲመጡበት የሚያመሳክርበት ነገር አልነበረውም፣ ወረቀቱ እስኪመጣ ቆዩ ነው የተባሉት። ስለዚህ እዛ ዘመን አንድ ሰው ከፍርዱ በላይ ታስሮ ብታገኙት መጀመሪያ የምትጠረጥሩት አዲስ ወንጀል ሳይሆን የጎደለ ወረቀት ይሁን።

ወደ ፍርድ ቤቱ እንሂድ። ሰውየው ለንደን የተፈረደበት ከሆነ እድለኛ ናችሁ፣ የኦልድ ቤይሊ ችሎት ከ1674 እስከ 1913 ያሉት ወደ 197,000 የሚጠጉ ክሶች ተተይበው ኢንተርኔት ላይ በነጻ አሉ፣ ስም አስገብቶ መፈለግ ነው። ምስክር የተናገረው፣ ተከሳሽ የመለሰው፣ የተሰረቀው እቃ ከነዋጋው። ዲጂታል ፓኖፕቲኮን የሚባል ደሞ አለ፣ ኦልድ ቤይሊ የተፈረደባቸውን ወደ 90,000 ሰዎች ከሌሎች መዝገቦች ጋር አገናኝቶ የያዘ። ከለንደን ውጪ ከሆነ ግን እንደዛ አይጠብቃችሁም። ከባድ ወንጀል በአሳይዝ ችሎት ነው የሚታየው፣ ወረቀቱ ኪው ነው፣ ቀለል ያለው በየወረዳው ኳርተር ሴሽን የሚባለው ጋ ነው፣ ወረቀቱም እዛው በየክልሉ ቤተ መዛግብት ነው፣ እና አብዛኛው የምስክር ቃል ቃል በቃል አልተጻፈም። ከ1805 ጀምሮ በየክልሉ የተከሰሰው ሰው ሁሉ ስም፣ ወንጀልና ውጤት የተዘረዘረበት ኤች ኦ 27 የሚባል መዝገብ አለ፣ እሱ ያድናችኋል፣ ታሪኩን ግን ከአካባቢ ጋዜጣ ነው የምትለቅሙት።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ግዞት የተፈረደበት ሁሉ አልሄደም። ብዙ ሰው ሀልክ ላይ ወይ እስር ቤት ፍርዱን ጨርሶ ወጥቷል፣ ወይ እዛው ሞቷል፣ ወይ ዘመድና የሰፈር ሰው ፊርማ አሰባስቦ አቤቱታ አስገብቶ ምህረት አግኝቷል። አቤቱታዎቹ ኤች ኦ 17 እና ኤች ኦ 18 ውስጥ ናቸው፣ እኔ ብጠየቅ ከሁሉም መዝገብ የምመርጠው እነሱን ነው፣ ምክንያቱም ጸሀፊ ሳይሆን ጎረቤት ነው የሚናገረው፣ ጥሩ ሰራተኛ ነበር፣ ስድስት ልጅ አለው፣ ርሀብ ነው ያሰረቀው። እነሱም ቢሆኑ ልመና ናቸው፣ ያው የሚለምን ሰው ጉድፍ አያወራም። በተቃራኒው ደሞ ሞት ተፈርዶበት ወደ ግዞት የተቀየረለት ብዙ ነው፣ ስለዚህ ችሎቱ ላይ ይሰቀል የሚል አግኝታችሁ መርከብ ላይ ስታገኙት ሌላ ሰው ነው ብላችሁ አትለፉት።

አሁን አንድ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ላሳያችሁ፣ ዊልያም ከፌይ ይባላል። ጥቁር ነው፣ አባቱ ከሴንት ኪትስ ደሴት ነጻ የወጣ ባሪያ ነበር። እዚህ ጋ ራሱ መዝገብ ጠብ ይጀምራል፣ አንዳንድ ጽሁፍ ባህር ላይ መርከብ ውስጥ ተወለደ ይላል፣ የክርስትና መዝገቡ ግን በ1788 ኬንት ውስጥ ጂሊንግሀም እንደተጠመቀ ያሳያል። ለንደን ልብስ ሰፊ ሆነ፣ በ1834ቱ የልብስ ሰፊዎች አድማ ተሳትፎ ስራውን አጣ፣ ከዛ ቻርቲስት ሆነ፣ ቻርቲስቶች ማለት ሰራተኛው ህዝብ የመምረጥ መብት ይኑረው ብለው በሚሊዮን የሚቆጠር ፊርማ ይዘው ፓርላማ ያንኳኩ የነበሩት ናቸው። በሚያዝያ 1848 ከነበረው ትልቅ ሰልፍ አዘጋጆች አንዱ ነበር። በዛው አመት በንግስቲቱ ላይ ጦርነት ለማንሳት አሲረሀል ተብሎ ታሰረ፣ ኦልድ ቤይሊ ቀረበ፣ ዋና ምስክሮቹ ለፖሊስ የሚሰሩ ሰላዮች ነበሩ። ከፌይ ዳኞቼ እኩያዎቼ ይሁኑ ብሎ ተከራከረ፣ ማንም አልሰማውም፣ እድሜ ልክ ግዞት ተፈረደበት፣ ያኔ 60 አመቱ ነው። ይሄ ሁሉ ክርክር ከነምስክሩ ቃል ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ይነበባል፣ ኒውጌት እስር ቤት ሆኖ የተሳለው ምስሉም አለ።

አዴሌድ በምትባል መርከብ በህዳር 1849 ሆባርት ደረሰ። እዛ ደሞ ታዝማኒያ ማለት ነው፣ ታዝማኒያ ማለት ደሞ ለዚህ ስራ ገነት ናት፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ግዞተኛ የራሱ ኮንዳክት ሪከርድ አለው፣ ትልቅ መዝገብ ውስጥ ለአንድ ሰው የተመደበ ቦታ፣ ላዩ ላይ ማን እንደሆነና ምን አርጎ እንደመጣ፣ ከስሩ ከመጣበት ቀን እስከሚለቀቅ ድረስ ያጠፋው ሁሉ ከነቅጣቱ። ሰከረ፣ ያለፈቃድ ወጣ፣ አለቃውን ተሳደበ፣ ይሄን ያህል ግርፋት፣ ይሄን ያህል ቀን በዳቦና ውሀ ብቻውን። ጽሁፉ ደቃቃ ነው፣ ቦታ ሲያልቅ ጎን ለጎን ይታጨቃል፣ አህጽሮቱ መአት ነው፣ መጀመሪያ ስታዩት አይነበብም፣ አይናችሁ ሲለምደው ግን ይከፈታል። የከፌይ ቁመት 4 ጫማ ከ11 ኢንች ተብሎ ነው የተጻፈው፣ ወደ 150 ሳንቲሜትር። የለንደን ጋዜጦች የንግስቲቱ መንግስት ጠላት ብለው የጮሁበትን ሰውዬ ማለት ነው።

ከፌይ ሲደርስ ወዲያው ቲኬት ኦፍ ሊቭ አገኘ፣ ይሄ ወረቀት ፍርድህን ሳትጨርስ በተወሰነ ወረዳ ውስጥ ለራስህ ሰርተህ ብላ የሚል ፈቃድ ነው፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ብዙ ጊዜ 7 አመት የተፈረደበት ከ4 አመት፣ 14 የተፈረደበት ከ6፣ እድሜ ልክ የሆነው ከ8 አመት በኋላ ነበር የሚያገኘው፣ በመሀል ካላጠፋ። እሱም ሆባርት ውስጥ ልብስ እየሰፋ ኖረ፣ ሚስቱ ሜሪ አን በ1853 መጣችለት፣ በ1856 ምህረት ተደረገለት። መመለስ ይችል ነበር፣ አልተመለሰም። እዛም የሰራተኞች መብት ላይ ሲከራከር እናገኘዋለን፣ ይሄ ግን ከመንግስት መዝገብ ሳይሆን ከጋዜጣ ነው የሚገኘው፣ ምክንያቱም ሰውየው አንዴ ነጻ ከሆነ ግዞት መስሪያ ቤቱ ስለሱ መጻፍ ያቆማል። ብዙ ፈላጊ እዚህ ጋ ነው ሰው የሚጠፋበት፣ በህይወቱ በደንብ የተመዘገበው መጥፎው ጊዜው ብቻ ነው፣ ሰላም ሲሆን ወረቀት የለውም። ከፌይ በ1870 በ82 አመቱ ሆባርት ብሪክፊልድስ የሚባል የድሆችና የደካሞች መጠለያ ውስጥ ሞተ፣ ጋዜጣው ስለሱ ጽፏል፣ እና እንደገና መዝገብ ውስጥ ገባ፣ ደሃ ስለሆነ።

ስለ መልቀቂያ ወረቀቶቹ ትንሽ ልጨምር፣ ሰው ያምታታቸዋል። የነጻነት ሰርተፍኬት ፍርዱን ለጨረሰ ነው፣ እድሜ ልክ የተፈረደበት መጨረሻ ስለሌለው አያገኘውም፣ እሱ ያለው ምህረት ብቻ ነው። ምህረት ደሞ ሁለት አይነት ነው፣ አንዱ ሁኔታ ያለበት፣ ነጻ ነህ ግን እንግሊዝ እንዳትመለስ የሚል፣ ሌላው ሙሉ ምህረት። ሰው እንግሊዝ ስትፈልጉ በ1851 ቆጠራ ላይ ካገኛችሁትና ያለው ምህረት ሁኔታ ያለበት ከሆነ፣ ወይ ተደብቆ ተመልሷል ወይ ሌላ ሰው ነው።

ስም ላይ ደሞ አትድረቁ። የሜሪ ባል ስም በተለያየ ፊደል ተጽፎ ይገኛል፣ ጸሀፊው የሰማውን ነው የሚጽፈው፣ የአየርላንድ ሰው በራሱ አነጋገር ስሙን ይናገራል፣ እንግሊዙ በራሱ ጆሮ ይጽፋል፣ ባለስሙ ደሞ ማንበብ አይችልም። ኢሚግሬሽን ላይ ጸሀይ የሚለው ስም በስንት አይነት የእንግሊዝኛ ፊደል እንደወጣ የምታውቁ ሰዎች ይሄ ይገባችኋል። አንዳንዱ ደሞ ሆን ብሎ ስም ቀይሯል፣ መዝገቡም ያውቃል፣ እከሌ ወይም እከሌ ብሎ ሁለቱንም ይጽፈዋል። ሴቶቹ የባሰ ናቸው፣ ሲያገቡ የአባት ስማቸው ይቀየርና ይጠፋሉ። መፍትሄው የጋብቻ ፈቃድ መዝገብ ነው፣ ግዞተኛ ለማግባት መንግስትን ማስፈቀድ ነበረበት፣ እዛ ላይ የሁለቱም ስም ከነመርከባቸው አለ። ግን ባል የሞተባት የሚለውን ቃል አትመኑት፣ እንግሊዝ አገር ባል ወይ ሚስት ጥሎ የመጣ ሰው ስንት ነው፣ ባህር ማዶ ያለና ሰባት አመት ያልተሰማ የትዳር ጓደኛ እንደሞተ ይቆጠር ስለነበር እዚህ ወንደላጤ እዛ ባለትዳር የሆነ ሰው ብታገኙ አትደንግጡ።

የመርከብ ሀኪሞች ማስታወሻም አለ፣ ኪው ኤ ዲ ኤም 101 በሚባለው መዝገብ ውስጥ፣ በአብዛኛው ከ1810ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ያሉት። ሀኪም እያንዳንዱ መርከብ ላይ እንዲኖርና እንዲጽፍ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም፣ በ1790 የሄደው ሁለተኛው የመርከብ ጉዞ ላይ ከተጫኑት እስረኞች ሩብ ያህሉ መንገድ ላይ ሞተዋል፣ ለምን ቢባል ኮንትራክተሮቹ የሚከፈላቸው በተጫነ ሰው ልክ ስለነበር፣ በደህና ለደረሰ አልነበረም። በኋላ ነው አከፋፈሉ የተስተካከለው። የምትፈልጉት ሰው ከታመመ ስሙ ማስታወሻው ላይ ይኖራል፣ ካልታመመ የለም፣ እንግዲህ ታሞ ቢሆን ብላችሁ የምትመኙበት ስራ ነው።

አይሪሽ ከሆነ ግን ችግር አለ። በ1922 ደብሊን ውስጥ በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት የመዝገብ ቤቱ ሲቃጠል ከ1836 በፊት የነበሩት የግዞት መዝገቦች አብረው ሄዱ። የተረፉት የኋለኞቹና አቤቱታዎቹ ናቸው፣ በ1988 የአየርላንድ መንግስት ለአውስትራሊያ ሁለት መቶኛ አመት ስጦታ ብሎ ኮፒያቸውን ሰጥቷል፣ ማውጫው ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ለቀደሙት ሲድኒ ያለው ኢንደንት ብቻውን ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ እሱን ፊደል በፊደል አንብቡት።

ክፍያ ላይ፣ አንሴስትሪ የሚባለው የቤተሰብ ታሪክ መፈለጊያ ድረ ገጽ ያስከፍላል፣ ካርድ ከማስገባታችሁ በፊት ግን ነጻዎቹን ጨርሱ። ኦልድ ቤይሊ ነጻ ነው፣ የታዝማኒያ መዝገቦች ላይብረሪስ ታዝማኒያ ላይ ከነፎቷቸው ነጻ ናቸው፣ የድሮ የአውስትራሊያ ጋዜጣ ትሮቭ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ነጻ ነው፣ ከ1803 የሲድኒ ጋዜት ጀምሮ፣ እስረኛ ጠፋብን የሚለው ማስታወቂያ ሁሉ አለበት። ትሮቭ ላይ ጽሁፉን ያነበበው ማሽን ስለሆነ ስም ብዙ ጊዜ ይበላሻል፣ ስለዚህ በስሙ ካጣችሁት በመርከቡ ስም ሞክሩ፣ እሱም ካልሰራ በመንደሩ። አውስትራሊያ ያላችሁ ደሞ የሰፈራችሁን ላይብረሪ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ እዛው ኮምፒውተራቸው ላይ አንሴስትሪን በነጻ ያስጠቅማሉ።